"ድምፃችን ተሰረቀ" ከማለታችሁ በፊት፦ ያጨቃጨቀ የዘፈን ውድድር ውጤት እንዴት ይመረመራል

ያን ቀን ማታ እኔም በጣም ተናድጄ ነበር። ጃንዋሪ 29፣ 2022፣ ስፔን ውስጥ ቤኒዶርም ከተማ፣ አገሪቱን ወክሎ ዩሮቪዥን (የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር) የሚሄደው ዘፈን የተመረጠበት የቤኒዶርም ፌስት ፍፃሜ። ታንሹጌይራስ የሚባሉ ሦስት ሴቶች "ቴራ" የሚል ዘፈን በጋሊሲያኛ፣ ከስፔን ቋንቋዎች በአንዱ፣ ይዘው መጡ፣ ቴራ ማለት ምድር ማለት ነው፣ ዘፈኑ ውስጥ "ድንበር የለም" የሚለውን በተለያዩ የስፔን ቋንቋዎች እየቀያየሩ ይሉታል፣ እና አገሩ በሙሉ አብሯቸው የሚዘፍን ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ ግን አሸናፊዋ ሻኔል ሆነች፣ በ"ስሎሞ"። ከዛ ሶሻል ሚዲያው ተቃጠለ፣ ነገሩ ፓርላማ ድረስ ሄደ፣ ሻኔልን ደግሞ ሰው እየተሳደበ ከትዊተር አስወጣት።

እኔ ከዛ ወዲህ እንደዚ አይነት ውጤት ሲያጨቃጭቅ መጀመሪያ የማደርገው ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ነው። ኤክሴል ለሚችል ይሻላል፣ ግን ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

በመጀመሪያ ሕጉን ፈልጉ፣ ውጤቱን ሳይሆን ሕጉን። አዘጋጁ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ከውድድሩ በፊት ያወጣዋል፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡት። የምትፈልጉት ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ነው። በ2022 ቤኒዶርም ላይ ግማሹ የባለሙያ ዳኞች ነበር፣ ሩቡ በናሙና የተመረጡ ተራ ተመልካቾች ነበሩ (ዴሞስኮፒክ ይሉታል፣ እንደ ሕዝብ አስተያየት ጥናት ማለት ነው)፣ የቀረው ሩብ ደግሞ ስልክ ደውሎና ኤስኤምኤስ ልኮ የመረጠው ሕዝብ። ምን እየተመረጠ እንደሆነም እዩ። ለምሳሌ ዘፋኟ ኤደን አለነ በ2020 ለእስራኤል ስትመረጥ መጀመሪያ የተመረጠችው እሷ ራሷ ናት፣ አማርኛ ያለበት "ፍቅር ልቤ" ደግሞ በሌላ ምሽት ከቀረቡላት ዘፈኖች መሀል ተመረጠ (ያሳዝናል፣ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰርዞ መድረክ ላይ ሳንሰማው ቀረን)። ስፔን ላይ ግን ዘፋኙና ዘፈኑ አንድ ላይ ነው የሚመረጡት፣ ስለዚ ዘፈኑን ወደድኩት ዘፋኟን ግን ብሎ ነገር የለም።

ቀጥሎ ድምሩን በታትኑት። አጠቃላይ ነጥብ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሻኔል 96፣ ሌላዋ ተወዳዳሪ ሪጎቤርታ ባንዲኒ "አይ ማማ" በሚለው ዘፈኗ 91፣ ታንሹጌይራስ 90። እንደዚ ስታዩት ተቀራርበው የተሸናነፉ ነው የሚመስለው። ስትበትኑት ግን ሻኔል ከዳኞች 51፣ ከናሙናው 25፣ ከስልክ ድምፅ 20 ነው ያገኘችው። ሪጎቤርታ 46፣ 20 እና 25። ታንሹጌይራስ 30፣ 30፣ 30። ማለትም ሁለቱም የሕዝብ ክፍል አንደኛ ያደረጋቸው ሴቶች ሦስተኛ ወጡ። ሰው መናደዱ የሚገርም አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ መጣን፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ነጥቡን ትታችሁ ጥሬውን ፐርሰንት ፈልጉ። ከስልክ ድምፁ ታንሹጌይራስ 70.75 ፐርሰንት፣ ሪጎቤርታ 18.08፣ ሻኔል 3.97 ነው ያገኙት። ደግማችሁ አንብቡት። ከመቶ ሰባ እና ከመቶ አራት የማይሞላ። ይሄ ግን ወደ ነጥብ ሲቀየር አንደኛ 30፣ ሁለተኛ 25፣ ሦስተኛ 20 ተብሎ በደረጃ ነው የተሰጠው፣ ስለዚ ያ ሁሉ ሚሊዮን እርምጃ የሚመስል ርቀት አስር ነጥብ ሆነ በቃ። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢደውል፣ 70ው 90 ቢሆን እንኳን አንደኛው ሦስተኛውን ከአስር ነጥብ በላይ ሊበልጠው አይችልም። ዳኞቹ ጋ ደግሞ በሻኔልና በታንሹጌይራስ መሀል ያለው ልዩነት 21 ነው። ከናሙናው 5፣ ከስልኩ 10፣ አንድ ላይ 15 ቢያስመልሱ 6 ይጎድላቸዋል፣ የተሸነፉትም በ6 ነው። ካልኩሌተሩ ላይ ይሄን ሳይ ነው ንዴቴ አቅጣጫ የቀየረው። ማንም ቁጥር መነካካት ሳያስፈልገው ሕጉ ራሱ የሕዝቡን ድምፅ ጨፍልቆታል።

ከዛ በሌላ ሕግ ሞክሩት። የሦስቱን የስልክ ነጥብ ደምሩ፣ 75 ነው፣ ያንን በደረጃ ሳይሆን ባገኙት ፐርሰንት ልክ አካፍሉት። ታንሹጌይራስ ወደ 57፣ ሪጎቤርታ ወደ 15፣ ሻኔል ወደ 3 ይደርሳቸዋል። ሌላውን ሳትነኩ ስትደምሩት ታንሹጌይራስ 117፣ ሪጎቤርታ 81፣ ሻኔል 79። አንደኛዋ ሦስተኛ ሆነች። ይሄ "ትክክለኛው ውጤት" ነው ብላችሁ ግን እንዳትለጥፉት፣ ምክንያቱም ዳኞቹ በደረጃ ሰጥተው ሕዝቡ ብቻ በፐርሰንት ሲሆን ሌላ አድልዎ ይመጣል። የሚያሳየው ውጤቱ በሕጉ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ነው።

የዳኞቹን ስም ዝርዝርም ተመልከቱ። ቤኒዶርም ላይ ከዳኞቹ አንዷ ከዚህ በፊት ከሻኔል ጋር ሠርታለች የሚል ቅሬታ ተነስቶ ነበር። አብሮ መሥራት ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፣ ትንሽ በሆነ የሙዚቃ ዓለም ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ግን አስቀድሞ ያልተነገረ ትውውቅ ካለ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ሌላው፣ የክርክሩን አይነት ለዩ። በዛው ዓመት ዩክሬን ላይም ጭቅጭቅ ነበር፣ ዘፋኟ አሊና ፓሽ ፌብሩዋሪ ላይ የአገሪቱን ምርጫ አሸንፋ ሩሲያ ወደያዘችው ክራይሚያ ስላደረገችው ጉዞ ሰነድ ጥያቄ ተነስቶ ራሷን አገለለች፣ ሁለተኛ የወጡት ካሉሽ ኦርኬስትራ ሄደው ዩሮቪዥንን በ631 ነጥብ አሸነፉ። እሷን ያስወጣት ጥያቄ በካልኩሌተር አይመረመርም፣ የሰነድ ጉዳይ ነው።

ቅሬታችሁን ስትጽፉ ለጣቢያው ጻፉት፣ ለዘፋኟ አይደለም። ሻኔል ሕጉን አልጻፈችም፣ ነጥብ አልሰጠችም፣ መጥታ ዘፈነች በቃ። "አሳፋሪ ናችሁ" ከምትሉ ይልቅ "ጥሬው ፐርሰንት ለምን ከነጥቡ ጋር አብሮ ላይቭ አይታይም? በደረጃ ፈንታ በፐርሰንት ማካፈል ለምን አልተመረጠም?" በሉ። እንደዚ አይነት ጥያቄን ማለፍ ይከብዳል፣ ስድብን ግን ማንም ዝም ብሎ ያልፈዋል።

የመጨረሻው፣ ኋላ የመጣን ውጤት ወደኋላ አትጠቀሙበት። ሻኔል ሜይ ላይ ቱሪን ሄዳ በ459 ነጥብ ሦስተኛ ወጣች፣ 231 ከዳኞች 228 ከሕዝብ፣ ለስፔን ከ1995 ወዲህ ያልታየ ውጤት ነው፣ እኔም ቲቪ ፊት ቆሜ አጨብጭቤላታለሁ። ብዙ ሰው "አያችሁ፣ ዳኞቹ ልክ ነበሩ" አለ። ግን ሜይ ላይ የተጠየቀው የአውሮፓ ሰው ነው፣ ጃንዋሪ ላይ የተጠየቀው ደግሞ የስፔን ሰው፣ እና ያ 70.75 አሁንም እዛው አለ።