የቴስቶስቴሮን ምርመራ ጠዋት ይሁን
ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ድካም ወይም የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ሲያስቸግራቸው የቴስቶስቴሮን (ዋነኛው የወንድ ፆታ ሆርሞን) መጠናቸውን ለማወቅ ደም ይሰጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የተሰጠ ደም ግን ጤነኛውን ሰው እንደ ታማሚ ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይመርመሩ፤ ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነም በሌላ ቀን ጠዋት ይድገሙት። ሆርሞኑ በእንቅልፍ ጊዜ ጨምሮ ማለዳ ላይ ከፍ ይልና ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳል፤ ምግብም፣ በተለይ ስኳር፣ ለጊዜው ዝቅ ያደርገዋል። በአንድ ውጤት ብቻ መድኃኒት እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ፤ ከውጭ የሚሰጥ ቴስቶስቴሮን ሰውነት የወንድ ዘር የማምረት አቅሙን ያዳክማልና፣ ገና ልጅ ለመውለድ ለሚያስብ ሰው ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ትኩሳት ወይም ሌላ ድንገተኛ ሕመም ያለበት ሰው እስኪያገግም ምርመራውን ቢያቆየው ይሻላል፤ ሌሊት የሚሠሩ ደግሞ ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።