መሶብ ሸጦ በመላኪያ መክሰር፦ ዕቃ ወደ ውጭ አገር ስትልኩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከመርካቶ ጀበናና መሶብ እየገዙ በቴሌግራምና በቲክቶክ ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሸጡ ሞልተዋል። ከነጋዴው ጋር ሲከራከሩ አምስት ብር የማይለቁ ሰዎች፣ ደንበኛው "መላኪያውስ ስንት ነው?" ሲላቸው ከአፋቸው የመጣውን ቁጥር ይናገራሉ። ትርፉ ውልቅ የሚለው እዚያ ላይ ነው።

ዕቃውን ያለ ካርቶኑ መመዘን

የሚከፈለው ታሽጎ ላለቀው ጥቅል ነው። ለቀሚስና ለነጠላ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ተጣጥፎ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ጀበና ግን በደህና እንዲደርስ እጀታውና አፉ ለየብቻ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ካርቶኑ ራሱ ሌላ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ አሽጉ፣ ቀጥሎ መዝኑ፣ ዋጋ የምትናገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። ብዙዎቹ የኤክስፕረስ (የፈጣን መላኪያ) ድርጅቶች ክብደቱን ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ከፍ አድርገው ነው የሚያስከፍሉት። 2.1 ኪሎ የ2.5 ኪሎ ይከፈልበታል። ያቺን 100 ግራም ሳሳ ባለ ካርቶን ማስቀረት ይቻል ነበር።

መጠኑን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነው። እንደ ዲኤችኤል ያሉ ድርጅቶች ሁለት ክብደት ይይዛሉ፤ አንዱ ሚዛን የሚያወጣው፣ ሌላው ካርቶኑ ከሚይዘው ቦታ ተሰልቶ የሚገኘው። የሚያስከፍሉት በሚበልጠው ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሦስቱን ታባዛላችሁ፣ ለ5000 ታካፍላላችሁ፣ የሚወጣው ኪሎ ነው።

በመሶብ እንየው። መሶብ ሣር ነው፣ ብድግ ሲያደርጉት አይከብድም። ካርቶኑ 45 በ45 በ60 ቢሆን ግን ሲባዛ 121,500፣ ለ5000 ሲካፈል 24.3 ይመጣል። ሲጠጋጋ 24.5 ኪሎ ሊባል ነው! ሚዛኑ ላይ 4 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያንኑ መሶብ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ 40 በ40 በ55 ካርቶን ብታገኙለት ወደ 17.6 ይወርዳል፣ 18 ኪሎ ይባላል። በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ስለተቀነሰ ብቻ የ6.5 ኪሎ ክፍያ ቀረ። መሶቡን መላክ ግዴታ ከሆነ ባዶውን አትላኩት፤ ደንበኛው ነጠላም ካዘዘ ሆዱ ውስጥ ክተቱለት፣ ቦታው አንዴ ተከፍሎበታል። እንደኔ ግን ለውጭ ገበያ ዝርግ ስፌት ይሻላል። 45 በ45 በ8 ካርቶን 3.24 ነው የሚወጣው፤ 3.5 ኪሎ ቢባል ነው፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ ያምራል።

ፖስታ ቤትና የግል ድርጅት አንድ ዓይነት ስሌት ላይጠቀሙ ስለሚችሉ፣ ለትልልቅ ዕቃ ሁለቱንም ጠይቁ።

ለሁሉም አገር አንድ ዋጋ መለጠፍ

ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ዋሽንግተን ዋጋቸው አንድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ከከተማ ራቅ ያለ አድራሻ ተጨማሪ ክፍያ ሊያመጣ ይችላል። የነዳጅ ጭማሪ የሚባለውም ከዋናው ተመን ላይ ይደመራል። መጠየቅ ያለባችሁ እሱ ሁሉ የተደመረበትን የመጨረሻውን ዋጋ ነው።

ቀረጡን ለደንበኛው ሳይናገሩ መተው

አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ያ ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በርካሽ ዕቃ ላይ ሳይቀር ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላሉ። ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ደንበኛው በሩ ላይ "ይሄን አልነገራችሁኝም" ብሎ ይመልሰዋል፤ የመመለሻው ሒሳብ የሚመጣው ለላኪው ነው።

"ስጦታ" ብሎ አሥር ዶላር መጻፍ እንደ ብልጠት ይታያል። የተሸጠን ዕቃ ስጦታ ማለት የሐሰት መግለጫ መሆኑን እንተወውና፣ ጀበናው ተሰብሮ ቢደርስ ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው አሥር ዶላር በላይ ካሳ ለመጠየቅ ምን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ?

የኮሚሽኑን ሒሳብ ከዕቃው ላይ ብቻ ማስላት

ይህ በተለይ አሜሪካ ሆነው ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሱቅ ለከፈቱት ነው። ኤትሲ 6.5 በመቶ የሚቆርጠው ከመላኪያውም ላይ ነው። የ60 ዶላር ቀሚስ በ40 ዶላር መላኪያ ብትሸጡ ኮሚሽኑ 6.50 ዶላር ነው፤ ከዚህ 2.60 የመላኪያው ድርሻ ነው። ለአጓጓዡ 40 ከፍላችሁ ከደንበኛው 40 ብቻ ከተቀበላችሁ 2.60ውን ከኪሳችሁ ጨመራችሁ ማለት ነው። "መላኪያ በነፃ" ብላችሁ ዋጋው ውስጥ ብትደብቁትም መቆረጡ አይቀርም።

ባለፈው ወር ዋጋ መሸጥ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ የሚወሰነው በገበያ ሆኗል፤ ስለዚህ ያሰላችሁት ዋጋ ቶሎ ሊለዋወጥ ይችላል። ደንበኛው "እሺ፣ አስብበታለሁ" ብሎ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ሲመለስ የድሮውን ቁጥር ነው የሚያስታውሰው። ዋጋ ስትልኩ ሥሩ ላይ "እስከ ዓርብ ብቻ" ብላችሁ ጻፉበት፤ ካለፈ እንደገና ጠይቃችሁ ንገሩት።