ጁኒየርህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲደውልልህ

አር ዋን (የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) እያለሁ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ የአንዲት እናት ኦክስጅን 84 ላይ ወረደ። ስልኬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የሲኒየሬን (ከበላዬ ያለውን ሬዚደንት) ቁጥር አውጥቻለሁ፣ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። አልደወልኩም። ከሁለት ቀን በፊት ስደውል «ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?» ተብያለሁዋ! ጠዋት 2 ሰዓት ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ደግሞ ያው ሲኒየር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ለምን አልደወልክም?» ብሎ አፋጠጠኝ። ሴትየዋ ተርፈዋል፣ ተመስገን። እኔ ግን ለወራት ዲዩቲ (የሌሊት ተረኝነት) በመጣ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ ቺፍ ሬዚደንት (የሬዚደንቶች አለቃ) የሆንክ ወይም ከሥርህ ጁኒየር የተመደበልህ ሰው (አንቺም አለሽበት)፣ ስለ ሬዚደንቶች ደህንነት ስላይድ ከማዘጋጀትህ በፊት አንድ ነገር አስተካክል። ልጁ ሲጨንቀው ሳያመነታ ይደውልልሃል ወይ? የውስጥ ደዌ ሥልጠና 3 ዓመት ነው፣ ቀዶ ጥገና 4። የመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ግን የትም ያው ነው።

መጀመሪያ ዝርዝር ጻፍ። ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን) ከ90 በታች፣ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች፣ አዲስ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታ ሲነሳ፣ ሽንት መቆም፣ ደም ሲሰጥ የሚመጣ ትኩሳት፣ ቤተሰብ «ፈርመን እንውሰድ» ሲል። የመጨረሻው ተራ ላይ «ዝም ብሎ ያላማረህ ነገር» በል። ከዚያ ዲዩቲ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ጥቅሙ ምን መሰለህ፣ ልጁ የደወለው ሰንፎ ወይም ፈርቶ ሳይሆን ግድግዳው ደውል ስላለው ይሆናል።

ስልክ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ቃል ወሳኝ ናት። «እንኳን ደወልክ፣ በል ንገረኝ።» ከእንቅልፍህ መቀስቀስህ ቢያናድድህም እንዲሁ በል፣ ተለማመደው። «አንተስ ምን አሰብክ?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ግን በሽተኛው ከተረጋጋ በኋላ ነው የሚጠየቀው። አንዳንዴ ደግሞ ተነስተህ ሂድ። ሲኒየሩ በነጠላ ጫማ ዋርድ ሲገባ ያየ አር ዋን ያንን ሌሊት አይረሳውም።

የተረኞች ርክክብ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ መውጣት ይቁም። ማን በጠና ታሟል፣ ምን ሥራ ቀረ፣ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚለው ተነግሮ፣ ተረካቢው መልሶ ይበለው። ይህን የመሰለ አሠራር በአሜሪካና በካናዳ 9 የሕፃናት ሕክምና ፕሮግራሞች ውስጥ ተሞክሮ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀንሷል፤ ውጤቱ በ2014 ነው የታተመው። የሚያስፈልገው ወረቀትና 15 ደቂቃ ነው።

አሁን ማንም ስለማያስተምረው ነገር ልናገር፤ ስለ መርዶ። እኛ አገር ሞት እንዲህ በድንገት ኮሪደር ላይ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ንጋት ይጠበቃል። አር ዋኑ ግን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንዲት አስታማሚ ልጅ ፊት ብቻውን ይቆማል። አብረኸው ሂድ። አስቀድማችሁ «ሌላ ዘመድ አለ? ጠና ያለ ሰው ጥሩልን» በሉ፣ ከዚያ ወንበር ያለበት ክፍል አስገቡ፣ ከዚያ «አረፉ» የሚለውን ቃል በግልጽ ተናገሩ፤ «ደከም ብለዋል» እያላችሁ አታዙሩ። ጩኸቱ ሲነሳ ልጁ እንዳይሮጥ አጠገቡ ቁም። በኋላ ሻይ ግዛለትና 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ወሬው ስለ በሽተኛው ባይሆንም ችግር የለም። እኔ አንዴ ሙሉውን ጊዜ ስለ አርሴናል አውርቼ ነው የተመለስኩት።

እንቅልፍን «እኛም እንዲህ ነው ያለፍነው» እያልክ አትለፈው። 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው እጅና አእምሮ፣ በ1997 በወጣ ጥናት መሠረት፣ በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው አይሻልም። አሜሪካኖቹ በሳምንት 80 ሰዓት የሚለውን ጣሪያ በመላ አገሪቱ ያወጡት በ2003 ነው። አንተ ያን ሕግ ማውጣት አትችልም፣ ዲዩቲ ያደረን ሰው ግን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ማባረር ትችላለህ። «ይቺን አንድ ኮንሰልት (ሌላ ክፍል እይልን ያለውን በሽተኛ) ብቻ» አትበለው።

ሞርኒንግ ላይ አንተ ራስህ «ይህን አላውቀውም» በል፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከባድ እርማት ካለህ ደግሞ በሩን ዘግተህ።

ሁለት ነገር በፍጥነት። በሥራ ላይ ያገለገለ መርፌ የወጋው ሰው ፔፕ (ኤችአይቪ እንዳይዘው የሚሰጥ መድኃኒት) በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀን መውሰድ አለበት፤ የመድኃኒቱ ቁልፍ ሌሊት ማን ጋ እንዳለ ዛሬ ጠይቅ። «ብሞት ይሻለኛል» ያለን ልጅ ደግሞ እንደ ቀልድ አትየው። ብቻውን አትተወው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰደው፣ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ጋ ግን አይሁን።

ቺፍ በነበርኩበት ዓመት መጨረሻ ገደማ አንዷ አር ዋን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደወለች። «እንኳን ደወልሽ፣ ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ይቅርታ ዶክተር፣ የሞኒተሩ ገመድ ወልቆ ነው» አለችኝ። ተሳሳቅንና ተመልሼ ተኛሁ።