ሚስጥር በእንግሊዝኛ እንዴት ይወጣል? ሊክ፣ ዲስክሎዝ፣ ኤክስፖዝ እና ዘመዶቻቸው

«ሚስጥሬን አወጣብኝ» ስንል «ብኝ» የምትለው ትንሽ ጭራ ሁሉን ነገር ትናገራለች። ተበድያለሁ ማለት ነው። «ገለጠልኝ» ካልን ደግሞ «ልኝ» ውለታ እንደተዋለልን ትጠቁማለች። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጭራ የለውም። ስለዚህ ማን ተጎዳ፣ ማን ተጠቀመ፣ ታስቦበት ነው ወይስ አፍ አምልጦ የሚለውን ሁሉ ግሱ ራሱ መሸከም አለበት። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ «ገለጠ» የሚለው ፊት ለፊት አንድ መንጋ ቃል ተደርድሮ ስታዩ ግራ የሚገባችሁም ለዚህ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡት ሰው ሊቀየማችሁ ይችላል። ፎርም ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከቅያሜም ያልፋል።

ቃል ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሚስጥሩ የማን ነው? ያወጣው ሰው መብት ወይም ግዴታ ነበረው? ሆን ብሎ ነው ወይስ አመለጠው? ሲወጣ የሚጎዳ ወይም የሚያፍር ሰው አለ? በቃ፣ ይህንን ካወቃችሁ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እየዘለሉ ከመሸምደድ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዞ ቃላቱን እዚያ ላይ መስቀል ይሻላል። ለእኔ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው ከዋተርጌት ቅሌት የተሻለ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ዋና ዋናዎቹ ግሶች አንድ ላይ ተሰብስበው የሚገኙበት ጉድ ነው። ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ጁን 1972 ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ፍራንክ ዊልስ የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ በሩ እንዳይቆለፍ ፕላስተር ተለጥፎበት አየ። ፖሊስ ጠራ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ቢሮ ሰብረው የገቡ ሰዎች ተያዙ። የዊልስ ሥራ ዲስከቨር ነው፤ የተደበቀ ነገር ላይ ደረሰ፣ አገኘ። እዚህ ላይ ገና ለሕዝብ የተነገረ ነገር የለም።

ከዚያ ኋይት ሐውስ ነገሩን ማድበስበስ ጀመረ። ይህ ከቨር አፕ ይባላል። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ቦብ ውድዋርድና ካርል በርንስታይን ክዳኑን ቀስ በቀስ ሲያነሱት ደግሞ ሥራቸው አንከቨር ሆነ። ቃሉ ውስጥ «ከቨር» አለ አይደል? የተከደነን መክፈት ነው። አንከቨር ሁልጊዜ ልፋት አለበት፤ መቆፈር፣ መጠየቅ፣ ሰነድ ማገላበጥ። ሰው ቁጭ ብሎ የነገራችሁን ነገር አንከቨር አደረግሁ ብትሉ ያልሠራችሁትን ሥራ እንደሠራችሁ መናገር ይሆናል።

ማርክ ፌልት የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ የኤፍቢአይ፣ ሁለተኛ ሰው ነበር። ለውድዋርድ በድብቅ መረጃ ይሰጥ ነበር። ይህ ሊክ ነው። ሊክ ማለት ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው፤ ከውስጥ ይወጣል፣ አውጪው አይታይም፣ ፈቃድም የለውም። ጋዜጠኞቻችን «አፈትልኮ የወጣ ሰነድ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ልብ በሉ፣ ሊክ ለማድረግ ውስጥ አዋቂ መሆን ያስፈልጋል። ጎረቤታችሁ ስለ እናንተ ያወራው ወሬ ሊክ አይደለም፣ ሐሜት ነው።

ጁላይ 1973 ላይ አሌክሳንደር በተርፊልድ የሚባል የቀድሞ የኋይት ሐውስ ሰው በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ተጠይቆ፣ ኒክሰን ቢሮው ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ በቴፕ እንደሚቀዳ ተናገረ። ይህ ዲስክሎዝ ነው። ሾልኮ አልወጣም፤ ሕጋዊ ቦታ ላይ፣ ለሚመለከተው አካል፣ ስሙን ሰጥቶ ነው የተናገረው። ጋዜጠኞቹ በበኩላቸው የፌልትን ስም ከሠላሳ ዓመት በላይ ዳይቨልጅ ሳያደርጉ ቆዩ። ዳይቨልጅ አደራ የተባለ ነገርን ማውጣት ነው፤ በዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአሉታ ጋር ነው። ስም አልናገርም፣ ምንጬን አላወጣም፣ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም እንዳትሰጡ። ሰው «ዳይቨልጅ አደረገ» ሲባል ከሰማችሁ አደራ ተበልቷል ማለት ነው። በመጨረሻ 2005 ላይ ፌልት በ91 ዓመቱ ያ ሰው እኔ ነኝ ብሎ ሪቪል አደረገ። ሚስጥሩ የራሱ ነበር፣ ጊዜውን መርጦ ገለጠው።

አያችሁ፣ ያው ሰውዬ በ1972 ሊክ አደረገ፣ በ2005 ሪቪል አደረገ። ሁለቱን ብታቀያይሯቸው ታሪኩ ይበላሻል።

ሪቪል ከሁሉም ለስላሳው ነው። ምን እንደምትሉ ሲጠፋችሁ እሱን ያዙ፣ ብዙም አያሳፍራችሁም። ጥሩም መጥፎም ነገር ይችላል፣ ሰውም ጥናትም ምርመራም ሪቪል ያደርጋል። አሜሪካ ያላችሁማ ጀንደር ሪቪል የሚባለውን ድግስ ታውቁታላችሁ፤ የሚወለደው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት በኬክ ወይም በፊኛ ይፋ የሚደረግበትን። እዚያ ላይ ጀንደር ዲስክሎዠር ብትሉ ሰው ሆስፒታል የገባ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዲስክሎዝ ልመለስ፣ ምክንያቱም ለኑሯችሁ በጣም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ዲስክሎዝ የፎርም ቃል ነው። ሥራ ስትይዙ፣ ብድር ስትጠይቁ፣ ቪዛ ስትሞሉ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ይመጣል። ትርጉሙ በቀላሉ «ማወቅ ያለባቸው ሰዎች እንዲያውቁ አድርግ» ነው። የኛው አገር የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 በእንግሊዝኛው ርዕሱ «ማሳወቂያ» የሚለውን ዲስክሎዠር ይለዋል። ባለሥልጣኑ ቤትና መሬቱን ሲያስመዘግብ ሚስጥር አወጣ አይባልም፤ ግዴታውን ተወጣ እንጂ።

ከዚሁ ጋር የሚመጣውን «ፌይል ቱ ዲስክሎዝ» የሚል ሐረግ ካያችሁ ቆም ብላችሁ አንብቡ። መናገር ሲገባህ ዝም አልክ ማለት ነው፣ እና እንደ ውሸት ይቆጠራል። ለምሳሌ ዲቪ ሲሞላ ሚስት ወይም ልጅ ያለው ሰው ሳይጠቅስ ከቀረ ዕድሉ ይሰረዝበታል። «አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት» የሚለው ክርክር እዚያ አይሠራም። ሥራ ቦታ ደግሞ ወንድማችሁ ዕቃ አቅራቢው ድርጅት ውስጥ ከሆነ ለአለቃ በኢሜይል ስትጽፉ ዲስክሎዝ በሉ። ኮንፌስ ካላችሁ ወንጀል የሠራችሁ ይመስላል፣ ሪቪል ካላችሁ ደግሞ ድራማ ይሆናል።

ኤክስፖዝ ሌላ ዓለም ነው። አጋለጠ። እዚህ ላይ የሚያፍር ወይም የሚጠየቅ አካል የግድ አለ። በ1973 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ያደረገው ኤክስፖዝ ነው። የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። ዘገባው በ1974 ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ያን ጊዜ ማጋለጥ ራሱ የፖለቲካ መሣሪያ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሪቪል ቢባል ስህተት አይደለም፣ ግን ይቀልላል። ጥፋተኛው ከአረፍተ ነገሩ ያመልጣል።

የኤክስፖዝ ሁለተኛ ትርጉም ለእኛ አዲስ አይደለም። «ለበሽታ ተጋለጠ»፣ «ለአደጋ ተጋለጠ» እንላለን አይደል? እንግሊዝኛውም ልክ እንደዚያው ነው። ዊኪሊክስ የተባለው ሚስጥራዊ ሰነዶችን የሚያወጣ ድረ ገጽ ከ2010 ጀምሮ ያወጣቸው የአሜሪካ ኤምባሲ ኬብሎች፣ ማለትም ዲፕሎማቶች ወደ አገራቸው የላኳቸው መልእክቶች፣ ሁለቱንም ያሳያሉ። ኬብሎቹ ሊክ ተደረጉ። ግን በ2011 ስም ሳይሸፈን ሲለቀቁ፣ አንዱ ላይ ስሙ የተጠቀሰ ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ አገር ጥሎ ለመውጣት ተገደደ። ለእሱ ነገሩ ሊክ ብቻ አልነበረም፤ ኤክስፖዝ ተደረገ፣ ለአደጋ ተጋለጠ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ራሱን አጋለጠ» ለማለት ኤክስፖዝ ሂምሰልፍ ብላችሁ እንዳታቆሙ! እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ ይህ ሰውዬው አደባባይ ላይ ሱሪውን አውልቆ ታየ ማለት ነው። ራሱን ለአደጋ ለማለት ከሆነ «ቱ ዴንጀር» የሚለውን አስከትሉ። በተለይ ለጥገኝነት ጉዳይ ቃላችሁን ስትሰጡ ወይም ለሌላ ሰው ስታስተረጉሙ ይህቺን አትርሷት።

አፍ ሲያመልጥስ? ሌት ስሊፕ ነው። ሰላም የምትባል ባልደረባችሁ ሥራ ልትለቅ ነው እንበል። ለአለቃዋ በደብዳቤ ካሳወቀች ዲስክሎዝ አደረገች። ለእናንተ ሻይ ላይ ከነገረቻችሁ ሪቪል አደረገች፣ ወይም በቀላሉ ነገረቻችሁ። እናንተ ምሳ ላይ ሳታስቡት «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሰላምን ወንበር ማን ይወስደዋል?» ካላችሁ ሌት ስሊፕ አደረጋችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ድንገት ጮክ ብላችሁ ብትዘረግፉት ደግሞ ብለርት አውት ነው። ምንም ሳትናገሩ ፊታችሁ ካሳበቀባችሁ ጊቭ አዌይ ወይም ቢትሬይ ይባላል። «ፊቱ ያሳብቅበታል» የምንለውን እንግሊዞቹም ፊቱ ከዳው ብለው ነው የሚሉት። ቢትሬይ ግን ለሰው ሲሆን ክህደት ነው፤ ለፊትና ለድምፅ ሲሆን ብቻ ነው እንዲህ ገር የሚሆነው።

የወሬ አባባሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ስፒል ዘ ቢንስ ማለት ሚስጥሩን ዘረገፈው ነው፣ ሆን ብሎም ሳያስበውም ይሆናል። ሌት ዘ ካት አውት ኦቭ ዘ ባግ ብዙውን ጊዜ አፍ አምልጦ ነው፣ በተለይ ሰርፕራይዝ ሲበላሽ። ስፒል ዘ ቲ የሚለው የልጆቹ ነው፣ «ወሬ የለም እንዴ፣ አውጪው እንጂ» እንደማለት። እነዚህን ሥራ ኢሜይል ላይ አትጻፉ፣ በቃ።

ስለ ራስ ጥፋት ሲሆን ሌላ ረድፍ አለ። አድሚት አመነ ነው፤ ተጠይቆ፣ ተጨንቆም ሊሆን ይችላል። ኮንፌስ ተናዘዘ ነው፤ ቄስም ፖሊስም ፊት ይሠራል፣ ጥፋቱም ከበድ ይላል። ካም ክሊን ደግሞ ሲደብቅ ቆይቶ በቃኝ ብሎ ፍርጥ አድርጎ ሲናገር ነው። ልጃችሁ ውጤቱን ለወራት ደብቆ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ሁሉን ካወጣ፣ ካም ክሊን አደረገ በሉት። ኮንፌስ ካላችሁት ልጁን ወንጀለኛ አደረጋችሁት።

የሌላን ሰው ጥፋት ስለማውጣት ግን ጠንቀቅ በሉ፣ እዚህ ላይ የተናጋሪው ወገን ወዲያው ይታወቃል። ቴል ኦን የልጆች ማሳበቅ ነው። ስኒች ስድብ ነው፤ ጆሮ ጠቢ እንደማለት። ያንኑ ድርጊት የወደደው ሰው ዊስልብሎወር ይለዋል፣ ፊሽካ ነፊ። አሜሪካኖቹ በ1989 መንግሥት ውስጥ ሆነው ብልሹነት የሚጠቁሙ ሠራተኞችን የሚከላከል ሕግ አውጥተዋል። እኛም ጋ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፣ «ጠቋሚ» የሚለው በእንግሊዝኛው ዊስልብሎወር ነው። እውነቱን ለመናገር «ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ጆሮ አይጥምም፤ ሕጉ ግን በክብር ነው የሚጠራው። እንግዲህ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ድርጅቷ ውስጥ የተሰረቀ ገንዘብ አግኝታ ብትጠቁም፣ ስኒች ያላት ሰው ከሌባው ጋር ነው የቆመው።

የደስታውም ረድፍ አለ። አንቬይል መጋረጃውን መግለጥ ነው፤ ሐውልት፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ስልክ። የአክሱም ሐውልት ከሮም ተመልሶ በቦታው ቆሞ በ2008 ሲመረቅ የእንግሊዝኛው ዜና አንቬይል ነበር ያለው። አንኧርዝ ደግሞ ከመሬት ቆፍሮ ማውጣት ነው፣ ሉሲ በ1974 ሐዳር ላይ እንደተገኘችው፤ አቧራ ለብሶ ማህደር ውስጥ ለተገኘ አሮጌ ደብዳቤም ይሆናል።

ሰዋስዉ ላይ የሚያደናቅፈን ያው መጀመሪያ ያልኳችሁ ጭራ ነው። «ሚስጥሩን ገለጠልኝ» ስለምንል «ሂ ሪቪልድ ሚ ዘ ሲክሬት» ብለን እንጽፋለን። አይሆንም። «ሂ ሪቪልድ ዘ ሲክሬት ቱ ሚ» ነው፤ ነገሩ ይቀድማል፣ ሰውየው «ቱ»ን ይዞ ይከተላል። ዲስክሎዝም፣ ዳይቨልጅም፣ ሊክም፣ ኮንፌስም እንደዚሁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከዚህ ሕግ ነጻ የሆነው «ቴል» ነው፣ «ሂ ቶልድ ሚ ዘ ሲክሬት» ትክክል ነው። «አወጣብኝ» የሚለውን ደግሞ በ«ቱ» ልትወጡት አትችሉም። ወይ ቢትሬይ ወይ ቴል ኦን መርጣችሁ «ብኝ» የሚለውን ግሱ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው።