ከሁለት ፍላየር የትኛው ገዢ ያመጣል? በቁጥር መለየት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሹራብና ጃኬት ሱቁ ፍላየር የሚያሠራ ነጋዴ ንድፉን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በሸንጎ ነው። ዲዛይነሩ አንዱን ይወዳል፣ ባለሱቁ ሌላውን፣ ለሰላምታ ጎራ ያለው ጎረቤት ደግሞ “ቀዩ ያምራል” ብሎ ይፈርዳል። ማማሩስ ያምር ይሆናል። ይሸጣል ወይ የሚለውን ግን ገዢው ብቻ ነው የሚመልሰው።

መጀመሪያ የምትቆጥሩትን አንድ ነገር ወስኑ። ላይክ አይሁን፤ ላይክ ያደረገ ሁሉ አይገዛም። ደውሎ ዋጋ የጠየቀ ወይም ፍላየሩን ይዞ ሱቅ የመጣ ሰው ይቆጠር። ይህን ሥራው ሳይጀመር ደብተር ላይ ጻፉት፤ ውጤት ከታየ በኋላ መለኪያ መቀየር ራስን ማታለል ነው።

ቀጥሎ ሁለት ንድፍ አሠሩ። ልዩነታቸው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ በ“ሀ” ጃኬቱ ብቻውን፣ በ“ለ” ሰው ለብሶት። ዋጋው፣ ጽሑፉ፣ ወረቀቱ አይቀየር። ልዩነቱ ግን ከሩቅ የሚታይ መሆን አለበት። ጉግል በአንድ ወቅት ለሊንክ 41 ዓይነት ሰማያዊ ቀለም አወዳድሯል፤ ያ ሚሊዮኖች ለሚገቡበት ገጽ ነው። ጥቂት መቶ ደንበኛ ላለው ሱቅ ዋጋ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የባለሙያ ግምት እንኳ ይስታል። ለ2008 እ.ኤ.አ. ምርጫ የሚሠራው የባራክ ኦባማ ቡድን ለኢሜይል መመዝገቢያ ገጹ 24 ዓይነት የምስልና የመጫኛ ቁልፍ (በተን) ጥምረት ወደ 310 ሺህ ለሚጠጉ ጎብኚዎች አሳየ። ሠራተኞቹ ቪዲዮ ያሸንፋል ብለው ነበር፤ ቪዲዮዎቹ ሁሉ ከፎቶዎቹ አነሱ። የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት ገጽ የተመዝጋቢውን ድርሻ ከ8.26 ወደ 11.6 በመቶ አሳደገው።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው። “ሀ”ን ደሴ፣ “ለ”ን ኮምቦልቻ ብትበትኑ የምትለኩት ንድፉን ሳይሆን ብርዱን ነው፤ ደሴ ላይ ጃኬት በየትኛውም ወረቀት ይፈለጋል፣ ሞቅ የሚለው ኮምቦልቻ ግን ሌላ አየር ነው። አንዱን በገበያ ቀን ሌላውን በማግስቱ፣ አንዱን ደመወዝ በወጣ ሰሞን ሌላውን በወሩ አጋማሽ፣ አንዱን በዒድ ዋዜማ ሌላውን ከበዓሉ በኋላ መስጠትም ያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ወረቀቶቹን አንድ “ሀ” አንድ “ለ” እያደረጋችሁ ደርድሩና አንድ ልጅ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከላይ እያነሳ ይስጥ። ሰው አይቶ እንዳይመርጥ ንገሩት፤ ለወጣት አንዱን፣ ለአዛውንት ሌላውን ከሰጠ ድካሙ ከንቱ ነው።

ማን በየትኛው እንደመጣ ለማወቅ በሁለቱ ላይ የተለያየ ስልክ ቁጥር አትሙ። የቴሌግራም ቻናል ካላችሁም ሁለት የግብዣ ሊንክ ፍጠሩ፣ ስም ስጧቸውና የየራሳቸውን ኪውአር ኮድ ፍላየሩ ላይ አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ያሳያችኋል። ፌስቡክ ላይ የምታስተዋውቁ ከሆነ ሁለቱን ምስሎች በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ከማጨቅ የማወዳደሪያ መሣሪያውን ተጠቀሙ። አለበለዚያ ፌስቡክ ገና በጠዋቱ ወደቀናው አንዱ ያደላና ሌላውን ሳያሳይ ያስቀረዋል።

ማብቂያ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ። በሁለተኛው ቀን “ለ” መራ ብሎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው።

ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል። በእኩል ቁጥር ከበተናችሁ የሁለቱን ውጤት ደምሩ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት በስልካችሁ ካልኩሌተር አውጡና በ2 አባዙት። በ“ሀ” እና በ“ለ” መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ከበለጠ አሸናፊውን ማመን ይቻላል። 14 እና 22 ሰው ቢደውል ድምሩ 36፣ ስኩዌር ሩቱ 6፣ እጥፉ 12 ነው፤ ልዩነቱ 8 ስለሆነ ዕድል ሊሆን ይችላል። 36 እና 64 ቢሆን ግን መስፈሪያው 20፣ ልዩነቱ 28፤ “ለ” አሸንፏል። ከጥቂት ናሙና ላይ በጥንቃቄ የመፍረድን ስሌት በ1908 እ.ኤ.አ. “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ዊልያም ጎሴት፣ የደብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የቢራ ፋብሪካ ላላት ኮምቦልቻ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ልዩነቱ ካልሞላ ሁለቱ ንድፎች ለእናንተ እኩል ናቸው፤ ለማተም የሚረክሰውን ያዙ። ካሸነፈ ደግሞ አሸናፊውን አዲሱ “ሀ” አድርጉና ሌላ ነገር፣ ምናልባት ዋጋውን፣ ቀይሩበት። ሁለቱንም ወረቀቶች ከቀኑና ከቁጥሩ ጋር ደብተሩ ላይ በስቴፕለር ምቱ፤ በሚቀጥለው ክረምት ዲዛይነሩ ያንኑ ንድፍ ይዞ ሲመጣ ገልጣችሁ ታሳዩታላችሁ።