ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን ሁሉ የሚጥለው በዕለቱ ላይ ነው። ሥራው ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን፣ ውጤቱን የሚወስኑት ከዚያ በፊት ያሉት ወራትና ከዚያ በኋላ የሚመጡት ዓመታት ናቸው። ሐኪሙ ጨጓራን ሊያሳንስ ይችላል፤ አላምጦ የመዋጥን፣ ውኃን በጥቂት በጥቂቱ የመጎንጨትን፣ ቪታሚንን ሳይረሱ የመውሰድን ልማድ ግን አብሮ አይሰፋልንም። በእኔ እምነት የዝግጅቱ ወራት ዋና ጥቅም ይህንን መጪ ኑሮ አስቀድሞ መለማመድ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀዶ ጥገናው ለእርስዎ ይስማማል ወይ የሚለው ነው። ሐኪሞች የሚነሡበት ልኬት ቢኤምአይ ይባላል፤ የሚገኘውም በኪሎ ግራም የተመዘነውን ክብደት፣ በሜትር ተለክቶ በራሱ ለተባዛ ቁመት በማካፈል ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 118 ኪሎ የሆነ ሰው 118ን ለ2.89 ሲያካፍል 40.8 ያህል ያገኛል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው መመሪያ ቀዶ ጥገናውን የሚመክረው ቢኤምአይው 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የዘርፉ የሐኪሞች ማኅበራት ያወጡት መመሪያ ግን 35 የደረሰ ሰው ሌላ ሕመም ባይኖርበትም እንዲመከርለት፣ ከ30 እስከ 34.9 የሆነውም ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምን የመሰለ ችግር ካለበት እንዲታሰብለት ይላል። ቁጥሩ ግን በር የሚከፍት ብቻ ነው፤ የልብ፣ የሳንባና የአእምሮ ጤና ሁኔታም ከውሳኔው ውስጥ ይገባል።

በብዛት የሚሠሩት ቀዶ ጥገናዎች ሁለት ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ይሆናል፤ ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው የጨጓራ አናት አብሮ ስለሚወጣ የምግብ ፍላጎትም ለተወሰነ ጊዜ ይቀንሳል። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው አናት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ትገጠማለች፤ ምግቡም የቀረውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል ጽኑ ቃር ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ ባይፓስ ይመረጣል። ባይፓስ የተሠራለት ሰው በበኩሉ ለቪታሚንና ለብረት እጥረት ይበልጥ ይጋለጣል፤ ጣፋጭ ሲበላም ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ከላይ ለጠቀስነው የ118 ኪሎ ሰው በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ የሚጠበቀው ቅናሽ በአማካይ በስሊቭ 30፣ በባይፓስ 35 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው ቀጠሮውን ከመያዙ በፊት ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ቢነጋገር ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ነው። በደም ምርመራ የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር መጠን፣ የብረት፣ የፎሌት፣ የቪታሚን ቢ12 እና የቪታሚን ዲ ክምችት ይታያል፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው ሰው በምግብ የጠገበ ቢመስልም እነዚህ ጎድለውበት መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ጉድለቱ ከቀዶ ጥገናው በፊት መሞላት አለበት። ጨጓራ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከታየና ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ከተገኘ አስቀድሞ ይታከማል። በኃይል የሚያንኮራፉ፣ ተኝተው ትንፋሽ እንደሚያቆሙ ከጎንዎ ያለ ሰው የነገረዎት ወይም ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚልዎት ከሆነ ይህንን ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ያልታወቀ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ በሰመመን ጊዜ አደገኛ ነው። ሲፓፕ የሚባለው የትንፋሽ ማገዣ መሣሪያ የታዘዘለት ሰው ከወዲሁ መጠቀም ይጀምር፣ ወደ ሆስፒታል ሲሄድም ይዞት ይሂድ።

ሲጋራን በተመለከተ ድርድር የለም፤ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት መቆም አለበት፣ ከዚያ በኋላም መመለስ የለበትም። ማጨስ የቁስልን መዳን ያዘገያል፣ የደም መርጋትንና የሳንባ ኢንፌክሽንን አደጋ ይጨምራል፣ በተለይም ባይፓስ በተሠራለት ሰው ከረጢቷና አንጀቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ቁስለት ያመጣል። የአልኮል ጉዳይም ቢሆን ብዙዎች ከሚገምቱት ይበልጥ ከባድ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ስለሆነ ቀድሞ ምንም ያላደረገ አንድ ብርጭቆ ሊያሰክር ይችላል፤ ምግብን መጽናኛ ያደረገ ሰውም ምግቡ ሲከለከል ወደ መጠጥ የሚዞርበት ጊዜ አለ። ምግብ የሚበሉት ሲርብዎት ነው ወይስ ሲከፋዎት? ይህ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር በሚኖርዎት ቀጠሮ እውነቱን ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ታካሚዎች ምክንያቱን ሳይረዱ የሚፈጽሙት፣ አንዳንዴም የሚያጭበረብሩት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት የምግብ ሥርዓት ነው። ቀዶ ጥገናው በአብዛኛው የሚሠራው በሆድ ላይ በሚከፈቱ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች አስገብቶ ሲሆን፣ የጉበት ግራ ክፍል ልክ እንደ ክዳን ጨጓራው ላይ ተኝቶ ይገኛል። ሐኪሙ ወደ ጨጓራው ለመድረስ ይህንን ክዳን በመሣሪያ ገልጦ ማቆየት አለበት። ጉበቱ በስብ ያበጠ ከሆነ ከባድና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ይሆናል፤ ሲነካም ይደማል፣ እይታም ይጋርዳል። አንዳንዴ ሐኪሙ ሥራውን ለማቆም ወይም ሆድን በሰፊው ለመክፈት ይገደዳል። ደስ የሚለው ጉበት ፈጥኖ የሚመለስ አካል መሆኑ ነው። በቀን ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ ዳቦን፣ ሩዝን፣ ድንችንና ስኳርን በእጅጉ የቀነሰ፣ እንቁላልን፣ ዓሣን፣ ስብ የወጣለትን ወተትና አትክልትን ያስቀደመ አመጋገብ ሲከተሉ፣ ጉበት ያከማቸውን የስኳር ስንቅና ከስንቁ ጋር የታቆረውን ውኃ አስቀድሞ ያወጣል፣ ስቡም መቅለል ይጀምራል። ሁለት ሳምንት የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው እስከ አራት ሳምንት ሊራዘም ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ራስ ምታትና መነጫነጭ ይበዛባቸዋል፤ ውኃ በብዛት መጠጣት ይህንን ያቀልላል። «ከእንግዲህ አልበላውም» እየተባለ በዋዜማው ሰሞን የሚደረገው የስንብት ግብዣ ደግሞ የሁለቱን ሳምንት ድካም በአንድ ምሽት ያባክናል።

ይህ የምግብ ሥርዓት ከመድኃኒት ጋር ይገናኛል። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ የሚችሉ ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ሲቀንስ መጠኑ ካልተስተካከለ ስኳሩ አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሥርዓቱን ከመጀመሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር መጠኑን መከለስ አለበት። እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ያሉት የስኳር ክኒኖች ከቀዶ ጥገናው ከ3 እስከ 4 ቀን በፊት ይቆማሉ። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት ለስኳር ሕመም ወይም ለክብደት መቀነሻ የሚሰጡ መርፌዎች የጨጓራን መራገፍ ስለሚያዘገዩ የሰመመን ባለሙያው መቼ እንደተወሰዱ ማወቅ አለበት። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችና ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መከላከያ ክኒኖችም የሚቆሙበት ጊዜ አላቸው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ለመገጣጠሚያ ሕመም አዘውትሮ የሚወስድ ሰው በተለይ ባይፓስ የሚሠራለት ከሆነ ከአሁኑ ሌላ ማስታገሻ ይፈልግ፤ እነዚህ መድኃኒቶች መጋጠሚያውን ያቆስላሉ። በዕፅዋት የተዘጋጁትንና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙትን ጨምሮ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ። ልጅ የመውለድ ዕቅድ ያላት ሴት ደግሞ ቀዶ ጥገናው ከተሠራ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆይ ስለሚመከር፣ ባይፓስም የሚዋጥ ክኒንን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል፣ አስተማማኝ የሆነውን መከላከያ ከወዲሁ ትምረጥ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንምጣ። አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ትንሽ ሳህን፣ የሻይ ማንኪያና ሰዓት ያዘጋጁ። እንቁላሉን ከጥፍር በማይበልጥ መጠን ይቆራርጡ፤ አንዷን ቁራጭ አፍዎ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ሙሉ በሙሉ ልሞ እስኪለሰልስ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያላምጡ፤ ከዋጡ በኋላም ጥቂት ቆይተው ወደሚቀጥለው ይለፉ። መጀመሪያ ሲሞክሩት እንቁላሉ በሁለት ደቂቃ ቢያልቅ አይገረሙ፤ የሚፈለገው ግን አንድ ገበታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንዲወስድ ነው። ብርጭቆውን ከገበታው ያርቁት፤ ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ትንሿ ጨጓራ ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ አትችልምና። ስለዚህ ውኃ የሚጠጣው በገበታዎች መካከል ቀኑን ሙሉ በትንንሽ ጉንጭ ነው፤ ጉሮሮ ላይ አንዴ የሚገለበጥ ብርጭቆ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመም ያስከትላል። ይህ ልምምድ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በኋላ የሚያጋጥመው ማስታወክ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከፍጥነትና ከጉርሻ ትልቅነት ነው፤ ለቀናት የቆየ ማስታወክ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን አሟጥጦ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

ሰውነትንም ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ጉልበቱ የሚያመው ሰው በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በመራመድ ሊጀምር ይችላል፤ በቀዶ ጥገናው ዕለት ማታ ከአልጋ ተነሥቶ እንዲራመድ ስለሚጠየቅ ሰውነቱ አስቀድሞ ቢለምደው መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀውን ፕሮቲን፣ ማለትም በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም፣ ከየትኛው ምግብ እንደሚያገኙ ከሥነ ምግብ ባለሙያው ጋር አስልተው ይጻፉ።

የቤቱ ዝግጅት ረጅም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አመጋገቡ ከፈሳሽ ወደ ልም፣ ከልም ወደ ለስላሳ፣ ከዚያም በ6 እና በ8 ሳምንት ገደማ ወደ መደበኛ ምግብ ስለሚሸጋገር ለዚያ የሚሆነውን ገዝቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ቪታሚኖቹንም ቀድመው ይግዙ፤ የሚወሰዱት ለጥቂት ወራት ሳይሆን ዕድሜ ልክ ነው። ካልሲየምና ብረት አንዱ ሌላውን እንዳይመጠጥ ስለሚከለክል በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር፤ ለምሳሌ ብረቱን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ከሰዓት በኋላና ማታ ማድረግ ይቻላል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ፀጉር ሊሳሳ እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅም ከድንጋጤ ያድናል፤ በአብዛኛው ተመልሶ ይበቅላል።

በዋዜማው ሆስፒታሉ የሰጠዎትን የጾም ሰዓት ይጠብቁ፤ የተለየ ትእዛዝ ከሌለ ከሰመመን በፊት ጠጣር ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ ለ2 ሰዓት አይወሰድም። ቀለበትና የጥፍር ቀለም ያውልቁ፣ የመድኃኒቱን ዝርዝር ይያዙ፣ ወደ ቤት የሚመልስዎትን ሰው ይቅጠሩ። ያ ሰው የሚከተሉትን ምልክቶች አስቀድሞ እንዲያውቃቸው ያድርጉ፦ እያየለ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ዐርፈው ሳለ በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ ፈሳሽ እንኳ አልረጋ ማለት። ከተሰፋው ወይም ከተጋጠመው ቦታ ወደ ሆድ ውስጥ የሚፈስ ፈሳሽም ሆነ የደም መርጋት ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ባሉት ቀናት ሊከሰት ስለሚችል፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ እስከ ነገ ወይም እስከ ቀጠሮው ቀን ሳይጠበቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ እዚያ ለሚቀበለው ሐኪምም ቀዶ ጥገናው ምን ዓይነት እንደነበረና በስንት ቀኑ እንደሆነ ይነገራል።