የልጄን ቦርሳ የመዘንኩ ዕለት

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከኋላ አየኋት። አንገቷን አስግጋ፣ አውራ ጣቶቿን ማንገቻው ሥር ሸጉጣ ትሄዳለች። ማታ ልብሷን ሳወልቅላት ትከሻዋ ላይ ሁለት ቀይ ሰንበር ወጥቷል። «ያምሻል?» ስላት «አይ፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ይሄ «ለምጄዋለሁ» ነው ያስደነገጠኝ።

መጀመሪያ መዝኑ። ልጁን ሚዛን ላይ አቁሙና ቁጥሩን ያዙ፤ ከዚያ ቦርሳውን አሸክማችሁ ድገሙት። ልዩነቱ የቦርሳው ክብደት ነው። የእኔዋ 21 ኪሎ ናት፣ ቦርሳዋ 4.2 ሆኖ ተገኘ። የራሷን አንድ አምስተኛ ማለት ነው! እኔ 60 ኪሎ ነኝ፤ በየቀኑ 12 ኪሎ አዝዬ ደረጃ ልውጣ ብባል ሰፈር ይሰማኝ ነበር። ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ለእሷ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

ቀጥሎ ቦርሳውን ወለል ላይ ዘርግፉት። ከልጁ ጋር ቢሆን ይሻላል፣ አለዚያ ኩርፊያ አለ። ከእኛ ምን ወጣ? ያለቁ ሦስት ደብተሮች፣ የዚያን ቀን ትምህርት ያልነበረው ወፍራም መጽሐፍ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ «የሚያምሩ» አራት ድንጋዮች። እና ሙሉ ኮዳ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፣ ግን ትዝ የሚለን የለም። ትምህርት ቤቱ ንጹሕ ውሃ ካለው ግማሽ ሞልቶ መላክ ይበቃል። ባዶው ቦርሳ ራሱ 1.1 ኪሎ ነበር፤ ስንገዛው ያየነው ሥዕሉን ብቻ ነዋ።

አሁን የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ማታ ማታ እያየን እናሰናዳለን። ጠዋት አይሞከርም፣ በጥድፊያ ሁሉም ነገር ይታጨቃል።

አደራደሩም ለውጥ አለው። ከባዱ መጽሐፍ ጀርባዋን ተደግፎ ይቆማል፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይሆናል። ክብደቱ ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ልጁም ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ፊት ይጎብጣል። ማንገቻው ሰፊና ስፖንጅ ያለው ይሁን፣ ሁለቱም ትከሻ ላይ ይዋል። በአንድ ትከሻ ማንጠልጠል ሸክሙን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል። ማንገቻውን ሳብ አድርጋችሁ አሳጥሩት፤ የቦርሳው ታች ወገብ አካባቢ ይረፍ እንጂ መቀመጫ ላይ አይደብድብ። ስታነሳው ደግሞ ጉልበቷን አጥፋ ነው፤ እኛ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠን ጀርባዋን ሰጥታ ታዝላለች።

ብዙ ሰው «አከርካሪዋ ይጣመማል» ብሎ አስፈራርቶኛል። ከባድ ቦርሳ ስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም) ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። የጡንቻ ሕመሙና ድካሙ ግን እውነት ነው። ሸክሙ ቀንሶም ሕመሙ ካልተወ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ ሐኪም ይየው።

የእኛ ቦርሳ አሁን 2.7 ኪሎ ነው። የድንጋዮቹ ጉዳይ በድርድር ላይ ነው፤ ለጊዜው ትንሿ ብቻ የፊት ኪስ ውስጥ ተፈቅዶላታል።